መድፉን ያልሰማሁ ለት

በሰሜን ጫፍ ደሴት፣ በቫርዶ ወደብ ላይ፣
ኅዳር የሄደች ፀሐይ ጥር ነው የምትታይ።
ሁለት ወር ጨለማ። ሰው ሁሉ ይደክማል፣
ሰው ሁሉ ያዛጋል፣ ሰው ሁሉ ይከርማል
በመብራት፣ በሹራብ፣ በዓሣ ዘይት ማንኪያ።
የኔ ድካም ታዲያ ምን ነበረው መለያ?

«ጨለማው ነው» አለኝ ኦድቫር ባለቤቴ።
«ጨለማው ነው» አለች ሲኔቫ ጎረቤቴ።
እኔም «ጨለማው ነው» ብዬ ለራሴ አልኩት፣
በሐምሌ የጀመረኝ መሆኑን ደበቅኩት።
ሐምሌ፣ ፀሐይ ጭራሽ በማትጠልቅበት ወር፣
ሁለት ካልሲ አድርጌ ምድጃ ሥር ነበር
የምውለው።

ዓሣ እበልታለሁ፣ ሃያ ሁለት ዓመት፤
ቢላዋዬ ከእጄ ጋር አንድ ነው ማለት።
በደቂቃ ስድስት ኮድ የምሰነጥቅ
ሦስት ላይ ቆሜ ቀረሁ፣ ጣቴ እንደ እንጨት ሲደርቅ።
አለቃው ሰዓቱን አየ፤ ቀጥሎ እኔን አየ፤
አፉን አልከፈተም። ዓይኑ ግን ቆየ።

ፀጉሬ በማበጠሪያ እፍኝ እፍኝ ሲሄድ፣
ቅንድቤ ከዳር ዳሩ እንደ ሣር ሲታጨድ፣
ድምፄ ሻክሮ ወፍሮ፣ በቤተ ክርስቲያኑ
«ወንዶቹ ጋር ቁሚ» እያሉኝ ሲዝናኑ፣
ሳልበላ ስወፍር፣ ሳልሠራ ስደክም፣
የሰው ስም ሲጠፋኝ፣ አንድ ቀን የልጄም፣
ለማን ይነገራል? ሐኪም ቤት ተሂዶ
«ደከመኝ» ይባላል? በኛ ደሴት? ማን ለምዶ?

በጥር፣ በእኩለ ቀን፣ ፀሐይ ፊቷን ስታወጣ፣
ከምሽጉ መድፍ ጮኸ። ሰው ግልብጥ ብሎ ወጣ።
ተማሪው ተለቀቀ፣ መስኮቱ ነዘረ፣
የሲኔቫ ውሻ አልጋ ሥር ተቀበረ፣
እኔ ግን ተኝቻለሁ።

ሲጨልም ስነቃ፣ ኦድቫር ከነጫማው
አልጋው ዳር ተቀምጧል። «መድፉን አልሰማሽው?»
አለኝ ቀስ ብሎ። «ጨለማው ነው» አላለም።
ከዚያ ቀን ወዲህ ያን ቃል ደግሞት አያውቅም።

ሐኪሟ አንገቴን ዳሰሰች፤ «ዋጪ» አለች፣ ዋጥኩኝ፤
«እንቅርት የለም» አለች፤ «ደም ስጪ»፣ ሰጠሁኝ።
ተረቱ «በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ» ቢልም፣
እኔ ደግፉ ብቻ ነው፤ እንቅርቱስ የለኝም።

ጉሮሮ ሥር ናት አለች፣ የቢራቢሮ ክንፍ
የምታህል ዕጢ፤ ለልብ፣ ለአንጎል፣ ለእንቅልፍ
ልክ የምትሰፍር። የገዛ ዘቦቼ
ጠላት መስላቸው ወጓት፣ እኔ ተኝቼ።
ከላይ፣ ከአንጎል በኩል፣ ደብዳቤ በደብዳቤ ላይ
ይወርዳል፦ «ሥሪ! ሥሪ!» መልስ ግን አይታይ።
ወረቀቱ ላይ ያለው ያ ትልቁ ቁጥር
የዚያ ጩኸት ልክ ነው፣ ሲጣራ የሚያድር።

ሐምሳ ማይክሮግራም። የምስር ግማሽ አታህል።
ይቺን ፍርፋሪ ነው መድኃኒት የምትል?
በባዶ ሆድ፣ በውኃ፣ ገና ሳይነጋጋ፣
ወተት ሳይቀድማት፣ ቁርስም ሳይጠጋጋ፣
የብረት እንክብል በአራት ሰዓት ርቆ፣
አንድ ሰዓት መጠበቅ ከረሃብ ተናንቆ።
እስከ መቼ? አልኩኝ።
«እስከ ዕድሜሽ» አለችኝ፤
የአውቶብስ ሰዓት የምትነግር መሰለችኝ።

«አሁንስ ተሻለሽ?» አለ ኦድቫር በሦስተኛው ቀን።
ስድስት ሳምንት ነው። ከዚያ ደም። ከዚያ ሚዛን።
ሐምሳው ሰባ አምስት ሆነ፤ ሰባ አምስቱ መቶ፤
መቶ ሃያ አምስት ላይ ልቤ ከበረት ወጥቶ
ሌሊቱን ሲጋልብ፣ እጄ ሲንቀጠቀጥ፣
ቢላዋ አውራ ጣቴን ሲልሰው ስደነግጥ፣
ወደ መቶ ተመለስን። እዚያው ላይ ረጋሁ።
ምን ያህል በርዶኝ እንደኖርኩ ሲሞቀኝ አወቅሁ።

በሰኔ አቆምኳት። አዎ፣ አቆምኳት። ድኛለሁ፤
ፀሐይ አትጠልቅ፣ እኔም አልጠልቅ ብያለሁ።
ለማንም አልነገርኩም። በነሐሴ መባቻ
እግሬ ካልሲ ጠየቀ፤ መጀመሪያ ለሌት ብቻ።
ተመልሼ ዋጥኳት። ለሐኪሟ ስነግራት
አልተቆጣችኝም። «ሁሉም አንዴ ይሞክራት»
አለችና ጻፈች።

ዘንድሮ ጥር መጣ። ከንጋቱ በፊት
ዋጥኩና ጠበቅሁኝ፣ ወተቴ ፊት ለፊት፣
ሰዓቱ እስኪሞላ። ቅንድቤ ከነዳሩ
አልተመለሰልኝም፤ በእርሳስ ነው ነገሩ።
እኩለ ቀን ላይ ወጣሁ። የባሕሩ ዳር ቀላ።
መድፉ ሲጮኽ ሰማሁት፣ ደረቴን እስኪሞላ።

ቤት ስገባ ኦድቫር፣ ሌሊት ከባሕር ገብቶ፣
ከነቦቱ ሶፋ ላይ ያንኮራፋል፣ አፉን ከፍቶ።
አንገቱን ዳሰስኩት። ደህና ነው። የደከመ ሰው ነው።
«መድፉን አልሰማህም?» ልለው ነበር። ተውኩት። ይተኛው።